ቆመው የሚወርዱት

ጋሽ ናሆም የወረዱት ከሥራ መግቢያ ሰዓት ግፊያ ጋር ነው። የመውረጃ አገልግሎቱ ሁለት ልጆች ረጅሙን ሣጥን ከላይኛው ፎቅ ሊፍት ውስጥ አስገቡት፣ ከግድግዳው ጋር በቀበቶ አሰሩት፣ ግራና ቀኙን ይዘው ቆሙ። ነዋሪው ይህን ሣጥን «ቁም ሣጥን» ይለዋል። መጀመሪያ ሰሞን ቀልድ ነበር፤ ኋላ ግን ድርጅቱ ራሱ ማስታወቂያው ላይ ጻፈውና ቀልድነቱ ቀረ። ሃያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ተማሪ ገባች፤ ሣጥኑን አየችና ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሰብስባ ጠጋ አለች። አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት ሐሴት ደሳለው ቆማለች።

«እለፉ፣ ቀጣዩን እጠብቃለሁ» አለች።

«ቦታ አለ እኮ» አለ አንደኛው ልጅ፣ ሣጥኑን በክርኑ ገፋ አድርጎ።

«ግድ የለም።»

በሩ ተዘጋ። ከኋላዋ፣ ኮሪደሩ ውስጥ፣ አባቷ አቶ ደሳለው ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ጎረቤታቸውን ሊሸኙ ነበር የወጡት፤ ሽኝቱ ግን በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ሆነ።

«ነፍስ ይማር» አሉ። ትንሽ ቆዩና «አየሽው? እንደ ተረኛ ዘበኛ ቆሞ ሄደ» አሉ።

«ሁሉም እንደዛ ነው አባዬ። ሌላ መንገድ የለም።»

«እኔን ግን እንደዛ እንዳታደርጊኝ። ዕድሜዬን የጅቡቲ መስመር ላይ መሪ ጨብጬ፣ ተቀምጬ ነው የጨረስኩት። መኪናው ራሱን መንዳት ሲጀምር ደግሞ አውርደውኝ ወረፋ ለወረፋ ቆምኩ። ስሞት ልተኛ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።» ከዚያ ሊፍቱን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ «ለመሆኑ ይሄን ማነው የሳለው? አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አሏት። እያወቁ ነው።

«ግማሹን ነው የሳልኩት።»

«የትኛውን ግማሽ?»

ሐሴት የሊፍቱን መጥሪያ ዳግም ተጫነች። ሐኪሙ የአባቷ ልብ እንደ ደከመ፣ ሰኔን ቢሻገሩ እንኳ መስከረምን ማየታቸው እንደሚያጠራጥር ከነገራት ሳምንት አልሞላም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አእምሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቷን አስተኝታ የምታወርድበት መንገድ። ሕንፃውን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። መንገድ እንደሌለውም ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

የሕንፃው ስም አረንጓዴ ጫፍ ሁለት ነው። አረንጓዴ የሆነው ስሙ ብቻ ነው። አርክቴክቷ ሐሴት ናት፤ አልሚውን ግን፣ ማለትም ገንዘቡን አውጥቶ ያስገነባውንና የሸጠውን ሰው፣ አይታው አታውቅም። አብረው ሲሠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙን እንኳ አታውቀውም። በሥራው ቋንቋ እሷ «ወገን አንድ» ናት፣ እሱ «ወገን ሁለት»። እንዲህ የሆነው ያ ማንም ስሙን ማንሳት የማይወደው ሕንፃ ከነሰዎቹ ከተደረመሰ በኋላ ነው። አጣሪዎቹ አርክቴክቱና አልሚው ምሳ ላይ ተቀምጠው ብረት ሊቀንሱ እንደ ተስማሙ ደረሱበት። መፍትሔው ቀላል መሰላቸው፤ ሁለቱ ዳግመኛ አይገናኙ። በመካከላቸው አስማሚው ገባ።

አስማሚው ማሽን ነው። ሐሴት የምትፈልገውን ትነግረዋለች፣ ወገን ሁለትም ከቢሮው ሆኖ የሚፈልገውን ይነግረዋል፤ አስማሚው መካከሉን ያወጣል። ደብዳቤ የለም፣ ስልክ የለም፣ «ይህን ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው» ማለት የለም። ምክንያት ጉቦ ይሸታል ተባለ። የሚያልፈው ቁጥር ብቻ ነው።

መርካቶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለውን ማሽን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። መካከሉን የሚሰጥህ ከሆነ የምትፈልገውን አትጠራም፤ አስበልጠህ ትጠራለህ። ሐሴት አንድ መስኮት ስትፈልግ ሦስት መጠየቅን ተማረች። ወገን ሁለትም የራሱን ተማረ። ቤት የሚባለው ነገር በዚህ ዓይነት ከሁለት የማይተያዩ ነጋዴዎች ክርክር መካከል እየወጣ ተሸጠ፣ ሰዉም ገብቶ ኖረበት። ግማሽ በረንዳ አለ። ወደ ጎረቤት ግድግዳ የሚከፈት መስኮት አለ። ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትንፋሹን ይይዛል። ሊፍቱ ደግሞ ከተኛ ሰው በአንድ ክንድ ያጥራል።

ሐሴት ሊፍቱ እንዲሻሻል ለአስማሚው አመለከተች። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ሁለቱ ወገኖች የተስማሙበት ጉዳይ ዳግም አይከፈትም።» ይህን ወገን ሁለት የሚሉትን ሰው ጠላችው። እንዲህ ያለ ስስታም እናት ወልዳው ይሆን ብላ አሰበች። ጥላቻውም አዲስ አልነበረም፤ ድካሟ ብቻ ነበር የጨመረው።

የጋሽ ናሆም የለቅሶ ድንኳን መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተጣለ። አረንጓዴ ጫፍ ሁለት ግቢ የለውም፤ እድሩ ድንኳኑን ከመሬት በታች፣ ከኮንክሪት ጣሪያ ሥር ነው የሚተክለው። ዝናብም ፀሐይም ለማይደርስበት ቦታ ድንኳን ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀ የለም። ያለ ድንኳን ለቅሶ አይሆንም፣ በቃ። ሰዎች በተሰመሩት የመኪና ቦታዎች ላይ አግዳሚ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ንፍሮ ይዞራል፣ ጥግ ላይ ካርታ ይጫወታሉ፣ አልፎ አልፎ ባዶ መኪና ራሱን እየነዳ ይመጣና ድንኳኑን አይቶ ይመለሳል።

የእድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሶልያና ሐሴትን እጇን ይዘው ወደ አንድ አግዳሚ ወሰዷት። ፀጉሩ የሸበተ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው የንፍሮ ሳህን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«እዚህ ጋ ጠጋ በይ። ኦብሳ፣ አስጠጋት። የአዴ ሌንሴ ልጅ ነው፣ እናቱን እግሯን ስላመማት በእሷ ፈንታ ለቅሶ የሚደርሰው እሱ ነው። መቼም ትተዋወቃላችሁ፤ ይሄን ቤት አንቺ ስለሽው እሱ አይደለም እንዴ የሠራው?»

ይህን ብለው ሌላ እንግዳ ሊቀበሉ ሄዱ። ሁለቱ የንፍሮውን ሳህን ማየት ያዙ።

«ወገን አንድ?» አለ ሰውየው በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሐሴት ልትነሣ ቃጣት። ተገናኝተው የታዩ ወገኖች የሥራ ፈቃዳቸውን ይነጠቃሉ።

«ይቀመጡ» አላት። «ለቅሶ ላይ እኮ ነን።»

እውነቱን ነው። ሕጉ ሲወጣ ሁሉንም ዓይነት መገናኛ ከልክሎ ነበር፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ስፖርት ቤት፣ ሁሉንም። ለቅሶ ላይ ሲደርስ ግን ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው እድርተኞች ነበሩና ብዕራቸው ቆመ። «በለቅሶ የተገናኙ እንዳልተገናኙ ይቆጠራል» ብለው አለፉት።

ሐሴት ተቀመጠች። ስታስበው የኖረችው ቀጭን፣ ከንፈሩን ግጥም የሚያደርግ ሰው ነበር። ይኼ የሰው አጎት ነው የሚመስለው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ ኦብሳ። «የዚህን ቤት ሊፍት አውቶቡስ የሚያስገባ አድርገው ነበር የጠየቁት። ለምን? እኔ እኮ ይህቺ ሴትዮ ጤነኛ አይደለችም ብዬ ነበር።»

«ስለሚቆርጡብኝ ነዋ! እርስዎስ? ሁለት ቀጫጭን ሰው የሚይዝ ነው ያሉት። ደግሞ ተቃቅፈው!»

«እኔማ እርስዎ ስለሚያስረዝሙ ነው ያሳጠርኩት።» ሳህኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጠ። «እናቴን እዚህ ላስገባት ነበር። አሮጊት ናት፤ ነገ አልጋ ላይ ብትውል፣ ከነአልጋዋ የምትወርድበት ሊፍት ነበር የፈለግሁት።»

ሐሴት ፊቱን አየችው።

«እኔም አልጋ ነበር የፈለግሁት።»

«ታዲያ ለምን አልጋ አላሉም?»

«አልጋ ብል ግማሽ አልጋ ነው የሚሰጠኝ!»

ካርታ ተጫዋቾቹ ዞረው አዩአቸው። ለቅሶ ቤት የሚጣላ ሰው አይጠፋም ብለው ወደ ካርታቸው ተመለሱ።

ነገሩ ይኸው ነበር። ሁለቱም አንድ ነገር ፈልገው፣ አንዱ ሌላውን ለመብለጥ ሲሉ፣ እሷ ወደ ላይ እሱ ወደ ታች ሸሹ። እሱ ያሳጠረው እሷ ካስረዘመችው ጥቂት በለጠ። ያ ጥቂት የሰው እግር ከጉልበት በታች ሆነ፤ ሰባት ሟቾች እስካሁን በዚያ ምክንያት ቆመው ወርደዋል።

«ልዋሽዎት አልችልም» አለ ኦብሳ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ሲያጥር አልከፋኝም ነበር። የተረፈውን ቦታ ዕቃ ቤት ብለን ሸጥነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች ነው። እናቴ ከላይ ናት።»

ሐሴት መናደድ ፈልጋ ነበር። ንዴቱን ስትፈልገው አጣችው፤ ቦታው ላይ ድካም ብቻ አገኘች። ስለዚህ የአባቷን ነገር ነገረችው። ልባቸውን፣ ጅቡቲን፣ «ስሞት ልተኛ» ማለታቸውን። ስትጨርስ ኦብሳ መዳፉን በመዳፉ አሸ።

«ናሙናው ቤት አለ» አለ። «ምድር ላይ ያለው፣ ለገዢ የምናሳየው። አልጋ አለው። በሩም ሰፊ ነው።»

«እርስዎ ለእኔ ቤት ሰጡ ከተባለ ሁለታችንም አለቀልን።»

«እኔ ለእርስዎ አልሰጥም። እድሩ ይጠይቀኝ። ለእድር እምቢ ያለ አልሚ በዚህ አገር ቤት አይሸጥም፤ ይህን አስማሚውም ያውቀዋል።»

ወይዘሮ ሶልያና በማግስቱ ጠየቁት። አቶ ደሳለው በዚያው ሳምንት ወረዱ። ልጃቸው ወንበር ልታስገባላቸው ብትል እምቢ አሉ፤ ሊፍቱ ውስጥ መያዣውን ጨብጠው፣ ፎቁ ሲቆጠር እያዩ፣ በእግራቸው ቆመው ወረዱ።

«ይኸው ቆምኩልሽ» አሉ። «በሕይወት ሳለሁ ከሆነ ግድ የለኝም።»

ናሙናው ቤት የሚያምር ነው። ቴሌቪዥኑ የካርቶን ነው። ሙዙና ብርቱካኑ ፕላስቲክ ነው። ከቧንቧው ውኃ አይወጣም፤ መስኮቱ ላይ ከኋላ መብራት የበራበት የተራራ ፎቶ ተለጥፏል፣ ሐሴት የሳለችው ሕንፃ ውስጥ አረንጓዴ ነገር የሚታየው በዚያ መስኮት ብቻ ነው። ቤቱ ሰፊ እንዲመስል ዕቃው ሁሉ ከልኩ ትንሽ አንሶ ነው የተሠራው፤ ሶፋውም፣ ጠረጴዛውም፣ አልጋውም። አቶ ደሳለው ሲጋደሙ እግራቸው ከአልጋው ወጣ።

ሐሴት ቁርጭምጭሚታቸውን እያየች ሳቋን መያዝ አቃታት። ሳቁ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረባት።

«ተይ እንግዲህ» አሉ አባቷ። «በርጩማ አምጪና አስረዝሚልኝ። አርክቴክት አይደለሽ?»

በርጩማ አመጣች፤ ትራስ ደረበችበት። ከዚያ በኋላ የናሙናው ቤት ሕይወት ተጀመረ። ውኃ ከእድሩ ታንከር ይቀዳል። ጠዋት ጠዋት ሻጯ ወጣት መጥታ «አባባ፣ ዛሬ ሁለት ገዢ አለብን» ትላለች፣ እሳቸው ሸሚዛቸውን ይቀይራሉ። ገዢዎች በጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ይገባሉ፤ ወጥ ቤቱን፣ ሽንት ቤቱን፣ ተራራውን ያያሉ። አንድ ቀን አንድ ባልና ሚስት መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመው ቀሩ።

«አዛውንቱ ምንድን ናቸው?» አለች ሚስትየው።

«ናሙና ነኝ» አሉ አቶ ደሳለው ከትራሳቸው። «ሲገዙ ይህ አብሮ ይመጣል።»

ባልና ሚስቱ ሳቁ። ሲወጡ ግን ባልየው ሻጯን የሊፍቱን ርዝመት ሲጠይቃት ተሰማ። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀ ገዢ አልነበረም።

አቶ ደሳለው ከሰዓት በኋላ፣ ገዢ በሌለበት፣ ወደ ፎቶው ተራራ ዞረው እንደተኙ ሞቱ። የእድሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸከሟቸው። በሩ ገዢ የሚገባበት በር ነውና ሰፊ ነው፤ ማንም አልታጠፈም፣ ማንም «ወደ ግራ፣ ቀና አድርግ» አላለም። አስተኝተው ይዘዋቸው ወጡ። ሐሴት ከኋላ እየተከተለች እንደ ልጅ አለቀሰች። ኀዘኗ ውስጥ አንዲት ትንሽ እርካታ ነበረች፤ ያቺ እርካታ ናት ይበልጥ ያስለቀሰቻት።

ኦብሳ እስከ ሠልስት ድንኳኑ ውስጥ ከአጠገቧ አልተነሣም። በእናቱም በራሱም ስም ነው የተቀመጠው። ሰው ሲበዛ ዝም ይላሉ፣ ሰው ሲሳሳ ይሠራሉ። አረንጓዴ ጫፍ ሦስት ሊጀመር ነው።

«ሁለታችንም እውነተኛውን ልክ እንስጠው» አለ እሱ።

«አይሆንም። በአንድ ቃል የተስማሙ ወገኖች ይመረመራሉ። እዚህ የተነገረ አይጠየቅም እንጂ፣ ከዚህ ወጥቶ ወረቀት ላይ ሲገኝ ይጠየቃል።»

«ታዲያ?»

«የተኛ ሰው፣ ከፊትና ከኋላ አንዳንድ ተሸካሚ። እኔ ከዚያ የተወሰነ እጨምራለሁ፣ እርስዎ ያንኑ ያህል ይቀንሳሉ። መካከሉ ራሱ ይመጣል።»

ኦብሳ ሲገባው ፈገግ አለ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው ፈገግታውን ዋጠ። «ይህን ሁሉ ዓመት ስንሠራው የነበረውን እኮ ነው። መነጋገሩ ብቻ ነበር የጎደለው።»

«እሱ ብቻ» አለች ሐሴት።

ከሳምንት በኋላ አስማሚው ልኩን አወጣ። የተኛ ሰው፣ ከነተሸካሚዎቹ። ከሥሩ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ «እንኳን ደስ አላችሁ። ወገኖች ሳይገናኙ ተስማምተዋል።»

ግን ሕንፃ ሊፍት ብቻ አይደለም። ደረጃው አለ፣ መስኮቱ አለ፣ ድንኳን የሚተከልበት ግቢ አለ፤ ሠልስት ደግሞ አጭር ነው። ድንኳኑ ሲነቀል ገና መስኮቱን አላነሡትም ነበር። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት ገባ። ከወገን ሁለት የመስኮት ቁጥር መጣላት፤ ትንሽ ነው። የእውነቱ ይሁን፣ እንድትጨምርበት ብሎ ያሳነሰው ይሁን፣ ማወቅ አልቻለችም። ቁጥሩን ስታየው ትውልና ትተወዋለች። ሁለት ጊዜ ኮሪደር ላይ ከሩቅ አየችው፣ ሁለቱም ጊዜ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። የሚያናግረው ያጣ ሰው ፊት ነበረው። የእሷም ፊት እንደዚያ ሳይመስል አልቀረም።

አንድ ቀን ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ስልኳ ላይ ተነፋ። ሐሴት ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ማን ሞተ ብላ ሳይሆን፣ መስኮቱን አሁን እንጨርሰዋለን ብላ። ደስ ብሏት ነበር። መልእክቱን ስትከፍት አዴ ሌንሴ ተኝተው አድረው አልነቁም ይላል።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። እንዲህ አፍራ አታውቅም። ሰው ሲሞት የምትደሰት ሴት ሆናለች፤ ያውም በዚህ ሰው እናት። ጥቁር ልብሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ የመስኮቱን ነገር ከአፏ እንዳታወጣ ለራሷ ማለች።

ሊፍቱን ጠራችው። በሩ ሲከፈት ውስጥ ሣጥኑ ቆሟል። ከጎኑ ኦብሳ ብቻውን ነው፤ የአገልግሎቱን ልጆች በደረጃ ልኳቸዋል። ዓይኑ ቀልቷል። ቀበቶው ቢኖርም እጁን ሣጥኑ ላይ፣ ትከሻ በሚሆንበት በኩል አድርጓል።

«ቀጣዩን እጠብቃለሁ» አለች።

«ይግቡ» አለ። «ቦታ አለ።»

ገባች። ሦስቱም ቆመው ወረዱ። «እግዜር ያጥናዎት» አለችው፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት ፎቆች አለፉ።

«መስኮቱን» አለ ኦብሳ፣ ፊቱን ከሣጥኑ ሳያዞር፣ «የእውነቱን ስንት ነበር የፈለጉት?»

ሐሴት የማለችውን አሰበች። ከዚያ እጇን ከእጁ በታች ሣጥኑ ላይ አሳረፈች።

«ቁጭ ያለ ሰው ሰማይ የሚያይበት» አለችው።

«እኔም» አለ።

ሊፍቱ አሥረኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ሁለት ሰዎች ወደ ሥራ ሊሄዱ ቆመው ነበር። ኦብሳ ሣጥኑን በክርኑ ጠጋ አደረገላቸው።